አካታችነት ምንድን ነው? ተሰብሳቢ መቁጠር ግን አይደለም

«ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ስለሆኑ ፕሮጀክቱ አካታች ነበር።» ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር የሌለበት የልማት ሪፖርት በሰሜን ሸዋ ማግኘት እየከበደ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «በሩ ለሁሉም እኩል ተከፍቷል፤ ያልመጣ የራሱ ጉዳይ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ የልማት ግቦች 17 መሆናቸውን፣ 5ኛው ስለ ጾታ እኩልነት፣ 10ኛው የኑሮ ልዩነትን ስለማጥበብ መሆኑን ሁሉም ይጠቅሳል። የሚዘለለው ግቦቹን ይዞ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የጸደቀው ሰነድ መግቢያው ላይ የገባው ቃል ነው፤ ማንም ወደኋላ እንዳይቀር፣ ከሁሉ ኋላ ያሉትም ቀድመው እንዲደረስላቸው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የተገለበጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀደም ብለው የነበሩት የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች በከፋ ድህነት የሚኖረውን ሕዝብ ድርሻ በግማሽ መቀነስን ያልሙ ነበር። ግማሹን ለማሟላት ደግሞ የሚቀለው ከአስፋልት ዳር ያለውን፣ ከድህነት ወለል ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለውን ቤተሰብ ማንሳት ነው። ቆላ ወርዶ፣ ገደል ተሻግሮ ያለው ባለበት ቢቀርም ቁጥሩ ይሞላል።

በድሮ ጊዜ ከአልዩ አምባ ገበያ ተነስቶ የአንኮበርን አቀበት የሚወጣ ሲራራ፣ ማለትም የነጋዴዎች ጉዞ፣ ገባ የሚባለው የመጨረሻው መንገደኛ ሲገባ ነው። ከፊት ያሉት ደርሰው ጭነታቸውን ቢፈቱም፣ ኋላ የቀረው ሳይደርስ ከመሸበት ሲራራው ገና መንገድ ላይ ነው። አስተያየት ሰጪው «መንገዱ እኮ ለሁሉም አንድ ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። መንገዱስ አንድ ነው፤ ሸክሙ ነው የሚለያየው። በ5ኛው ግብ ሥር ያለው ዒላማ 5.4 ያለ ክፍያ የሚሠራው የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ሥራ ዋጋ እንዲሰጠው የሚጠይቀው ይህን ሸክም አይቶ ነው። ውሃ፣ እንጨትና ልጅ በጀርባዋ ያለችን መንገደኛ ሸክሟን ሳያቃልሉ ከፊት አሰልፎ ፎቶግራፍ ማንሳት ሲራራውን አያስገባም።

በመንዝ አንዲት ባሏ የሞተባት እማወራ እናስብ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በስሟ ነው፤ ፎቶግራፏም ተለጥፎበታል። በሪፖርት «ባለይዞታ ሴት» ተብላ ትቆጠራለች፣ ሴቶች በመሬት ባለቤትነት እኩል መብት እንዲኖራቸው የሚጠይቀው ዒላማ 5.ሀም በእሷ በኩል የተሳካ ይመስላል። ነገር ግን በሬ የላትም። በሬ ቢኖራትም ሴት ሞፈር አትጨብጥም የሚለው ልማድ አለ። ስለዚህ ገብሱን በእኩል ታሳርሳለች፤ ከአውድማው ግማሹ የአራሹ ነው። የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ሥልጠና ሲመጣም የሚጠራው እሱ ነው። ደብተሩን አላቃልልም፤ የባሏ ወንድሞች መሬቱን ሊነጥቋት ቢነሡ ፍርድ ቤት ይዛው የምትቆመው እሱን ነው። ሆኖም አካታችነት እስከ ገብሱ ድረስ መከተል አለበት።

ሙያዬ መረጃ ነውና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ጥፋቱ የሪፖርት ጸሐፊዎች ብቻ አይደለም። ዒላማ 5.5 የሴቶችን ሙሉና ውጤታማ ተሳትፎ ይጠይቃል፤ መለኪያው 5.5.1 ግን በፓርላማና በአካባቢ አስተዳደር የያዙትን መቀመጫ ይቆጥራል። መቀመጫ ላይ ያለችው ሴት ስትናገር ማን እንደሚሰማት የሚነግረን ነገር የለም። በአካል ጉዳተኞች ላይ ደግሞ መቁጠሩ ራሱ ያዳግታል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ያገኛቸው ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ደረጃ 16 በመቶ ነው። የልዩነቱ አንድ ክፍል የሕዝባችን ወጣትነት ሊሆን ይችላል። ትልቁ ግን የአጠያየቅ ጉዳይ ነው። «በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል የጓዳውን ልጅ የሚጠራ ቤተሰብ ጥቂት ነው። «መነጽር አድርገውም ቢሆን ለማየት ይቸገራሉ?» ብሎ የችግሩን መጠን በደረጃ መጠየቅ ብዙ ሰው ያወጣል። ይህም ቢሆን የአእምሮ ሕመምን በሚገባ አይዝም፤ ለሕፃናትም ሌላ መጠይቅ ያስፈልጋል።

መረጃን በጾታ፣ በዕድሜና በአካል ጉዳት መለየትም ገደብ አለው። ለአገር የተወሰደ ናሙና ወደ ወረዳ ሲወርድ ጥቂት ሰው ስለሚቀረው እምነት የሚጣልበት ቁጥር አይወጣም። ቀበሌ ላይ ግን ናሙና ምን ያደርጋል? የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ማን እንደሆነ፣ ስብሰባው ሴቶች እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት መጠራት አለመጠራቱ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው የቦኖውን ደረጃ መውጣት መቻል አለመቻሉ፣ ቧንቧው የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ደርሶ እንደሆነ ወይም ከበላያቸው ቆሞ እንደቀረ፣ ይህ ሁሉ በስም የሚታወቅ ነው። ሪፖርቱ «ስንት ሴቶች መጡ?» ከሚለው በፊት እነዚህን ይመልስ።