የሰማይ ሙላትና ጉድለት በጎንደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሰዓቴ ተበላሽቷል።»
ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ሰዓት አስሮ እንግዳ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወስድ የጎንደር አስጎብኚ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ፒያሳ ቁጭ እንዳለ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያነበበው ከፍታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን 20 ሜትር ያህል ጨምሮ ያገኘዋል። ሰዓቱ ደህና ነው፤ የወረደው የአየሩ ግፊት ነው፤ ግፊት ሲወርድ ሰዓቱ ከፍታ የጨመረ ይመስለዋል። በሐሩር ምድር ግፊት ጠዋትም ማታም 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ቀንም ሌሊትም 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ የሰማይ ሙላትና ጉድለት የምንለው ይህን ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ግፊት ቀነሰ ብሎ ብቻ «ዝናብ መጣ» ማለትም አያዋጣም።

«የጨረቃ ሥራ ነው።»
የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በአብዛኛው፣ አዎ። በአየሩ ላይ ግን የጨረቃ ድርሻ ኢምንት ነው፤ ዋናዋ ፀሐይ ናት፣ ያውም በስበቷ ሳይሆን በሙቀቷ። ታች የውሃ ተን፣ ላይ ኦዞን ጨረሯን ውጠው ይሞቃሉ። ምድር ስትዞር ሙቀቱ ፀሐይን ተከትሎ ይሄዳል፤ አየሩም በ24 እና በ12 ሰዓት ምት ይናጣል፤ ይህም ሞገድ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል።

«ላይ ያለው አየር ስስ ነው፤ ምን አቅም አለው?»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው የሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሞገዱን የሚያጎላውም ይኸው ስስነት ነው። ለቡሄ ጅራፍ ያስጮኸ ሁሉ ያውቀዋል፦ ክንድ የሰጠው ኃይል እየቀጠነ በሚሄደው ጅራፍ ተጉዞ ጫፉ ላይ ይጮኻል። መሬት አጠገብ በሰከንድ አንድ ሜትር የማይሞላው የዚህ ሞገድ ንፋስ እዚያ ላይ በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

«ቢነፍስስ፣ ለእኛ ምናችን ነው?»
ንፋሱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የላይኛውን አየር (አዮኖስፌርን) በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገፋው የኤሌክትሪክ ጅረት ያመነጫል። ከጅረቶቹ ብርቱ የሆነው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ (የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም በሚተኛበት መስመር) ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ቀን ቀን ይፈስሳል፤ ይህ ወገብ ደግሞ ከጎንደር በስተደቡብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የሳተላይት ጥናት የአዮኖስፌር ጥግግት ጎላ ያለባቸውን አራት ቦታዎች አሳይቶ ምክንያቱን ከአማዞን፣ ከኮንጎና ከኢንዶኔዥያ የነጎድጓድ ዝናብ ከሚነሱ የዚሁ ዓይነት ሞገዶች ጋር አያይዞታል። የስልካችሁ ጂፒኤስ ምልክትም በዚሁ አዮኖስፌር ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፤ ስልኩ መዘግየቱን በግምት ያርማል፣ ግምቱ ሲስት ቦታችሁን በሜትሮች ያዛንፈዋል።