«መክሰም» ማለት መርሳት አይደለም

በእንስሳት ትምህርት ጥናት ውስጥ አንባቢን በብዛት ከሚያሳስቱት ቃላት አንዱ «መክሰም» ነው። ምግብ ሊቀርብ ሲል ዘወትር አንድ ድምፅ የሚሰማ ውሻ፣ ውሎ አድሮ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ምራቁ ይመጣል፤ ድምፁ ያለ ምግብ ሲደጋገም ደግሞ ምራቁ እየቀነሰ ይሄዳል። መክሰም የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ የቀድሞው ትምህርት የጠፋ ያስመስላል፤ ነገር ግን ከዕረፍት በኋላ ምራቁ ተመልሶ እንደሚመጣ እንዲህ ያለውን ትምህርት በውሾች ላይ ያጠናው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ራሱ አስተውሏል።

ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ የማገኘው ተመራማሪዎቹ ቡተንና ቦልስ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። አይጦች በአንድ ሳጥን ውስጥ ምልክትን ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር አያይዘው መፍራት ከተማሩ በኋላ ፍርሃቱ በሌላ ሳጥን ውስጥ እንዲከስም ቢደረግም፣ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ሲመለሱ አገረሸባቸው።

ምክንያቱ ምልክቱ ሁለት ትርጉም፣ «አደጋ አለ» እና «አደጋ የለም»፣ መያዙ ነው። «ገና» የሚለውን ቃል ስናነብ በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚለው የምንለየው ከዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። እንስሳውም ምልክቱ አንድ ትርጉም ብቻ በነበረው ጊዜ ለአካባቢው እምብዛም ትኩረት አይሰጥም፤ ትርጉሙ ሲያሻማው ግን የት እንዳለ ማስተዋል ይጀምራል፣ በኋላ የተማረውም «አደጋ የለም» የሚለው ትርጉም ከተማረበት ቦታ ጋር በይበልጥ ይታሰራል። በሕክምና ክፍል ውስጥ የከሰመ የሰው ፍርሃት ውጭ ሲወጣ ሊያገረሽ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።