ላይን ሌቭል ምንድን ነው?

በላፕቶፕ የተሠራ ሙዚቃ ትልቅ ስፒከር ላይ ሳይሞከር አለቀ አይባልም። የላፕቶፕ ስፒከር የከበሮውን ጉልበት አያወጣውም፤ ቤዝ ጊታሩም ከነመኖሩ ይረሳል። ስለዚህ ስቱዲዮ የሌለው ሰው ሳሎን የተቀመጠውን ስቴሪዮ አዙሮ ጀርባውን ያያል። እዚያ የሚጠብቀው የቀዳዳ መዓት ነው፦ ፎኖ (የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ)፣ ሲዲ፣ ቴፕ፣ ኦክስ (ለሌላ ተጨማሪ ዕቃ)። ሁሉም ቀይና ነጭ ናቸው፣ ስፋታቸውም አንድ ነው፣ ገመዱ የትኛውም ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። የሚለያዩት በሚጠብቁት ቮልቴጅ ነው፤ ላይን ሌቭል የሚባለውም ከቮልቴጅ ደረጃዎቹ አንዱ ነው።

ድምፅ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። ማይክሮፎን የሚያመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ የሸክላ ማጫወቻ መርፌም 5 ሚሊቮልት ገደማ ቢሰጥ ነው። በሌላው ጫፍ ስፒከሩ አለ፤ 8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት ለመልቀቅ አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ማውጣት አለበት። ላይን ሌቭል የሁለቱ መሃል ነው። ለቤት ዕቃ የተለመደው ልክ 0.316 ቮልት ሲሆን ባለሙያዎቹ −10 ዲቢቪ ይሉታል። የስቱዲዮ ዕቃዎች ከፍ ያለውን፣ 1.23 ቮልት ገደማ የሆነውን +4 ዲቢዩ ይጠቀማሉ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ የሸክላው መርፌ የሚሰጠው 60 እጥፍ ገደማ ሲያድግ ላይን ሌቭል ይደርሳል፣ ላይን ሌቭል ደግሞ እንደገና 60 እጥፍ ገደማ ሲያድግ ያንን የ50 ዋት ስፒከር ይነዳል።

ይህ 60 እጥፍ ምን ያህል እንደሚያጠፋ በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። ቤተሰብ ቤት ያለው ስቴሪዮ ላይ ያልተያዘው ቀዳዳ ፎኖ ብቻ ስለነበር ገመዱን እዚያው ሰካሁት። ድምፁ ወጣ፤ ግን ይሻክራል፣ ቤዙም ቤቱን ያናውጠዋል። ሚክሱ፣ ማለትም የድምፆቹ ቅልቅል፣ ቤዝ በዝቶበታል ብዬ ሁለት ማታ ሙሉ ቤዙን ስቀንስ አመሸሁ። በሦስተኛው ቀን ሥራውን ሌላ ቦታ ስሰማው ከበሮው ከሳጥን ውስጥ የሚመታ ይመስል ነበር።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፎኖ የሚጠብቀው ሚሊቮልት ስለሆነ ከላፕቶፑ የመጣው ሲግናል በዝቶበት ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ሻካራው ድምፅ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሸክላ ሲቀረጽ ቦዩ እንዳይሰፋ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከፍ ይደረጋል፤ ፎኖ መግቢያው ይህን ይመልሳል። 20 ኸርዝ ላይ ያለውን ድምፅ 1,000 ኸርዝ ላይ ካለው አንጻር 9 እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ለሸክላ ትክክለኛ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የሌለ ቤዝ መፍጠር ነው።

ኦክስ፣ ሲዲ፣ ቴፕ ኢን የተባሉት ሁሉም ላይን ሌቭል ይቀበላሉ፣ የትኛውም ይሆናል። የሚያስፈልገው ገመድ በአንድ በኩል ትንሿ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ፣ በሌላው ሁለት የአር ሲ ኤ ጫፍ ያለው ነው፤ ቀዩ ቀኝ፣ ነጩ ግራ። የላፕቶፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስሙ ላይን አውት ባይሆንም ይህን ሥራ በደንብ ይሠራል፤ የኦክስ መግቢያ ብዙውን ጊዜ 10,000 ኦም ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ የሚስበው ከረንት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በተቃራኒው የስቴሪዮውን የስፒከር መውጫ ወደ ኮምፒውተር መስካት ፈጽሞ አይገባም። ያ የድምፅ ካርድ መግደያ ነው።

ብሉቱዝስ? ለማዳመጥ ደህና ነው። ለሙከራ ግን ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክና ስለሚያዘገይ የምንፈርደው በሥራችን ላይ ይሁን በብሉቱዙ ላይ አይታወቅም።

ሲሰካ የስቴሪዮው ቮሊውም ዜሮ ላይ ይሁን። የኮምፒውተሩን ወደ 80 ወይም 90 በመቶ ከፍ አድርጎ፣ የጆሮን ልክ በስቴሪዮው መቆጣጠር ይሻላል። ብዙ ሰው ግን ኮምፒውተሩን ዝቅ አድርጎ ስቴሪዮውን ይከፍተዋል። ያኔ ትንሿ ሙዚቃ ከመስመሩ ሹክሹክታ ጋር አብራ ትጎላለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ድምፅ ማሻሻያ» ተብሎ የተከፈተ ነገር ካለም ይዘጋ፤ ያልሠራነውን ቤዝ ይጨምርብናል።

ከዚህ በኋላ ብዙዎችን የሚያስጨንቀው «እምምም» የሚለው ድምፅ ነው። ሙዚቃው ሳይጀመርም ይሰማል፣ ወፍራም ነው፣ አያቋርጥም። ኢትዮጵያ ውስጥ 50 ኸርዝና የእሱ እጥፍ 100 ኸርዝ ነው፣ የመብራቱ ድምፅ ስለሆነ፤ አሜሪካ ያለ ሰው በ60 እና በ120 ይሰማዋል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉትና በባትሪ አሠሩት። ዝም ካለ ችግሩ ግራውንድ ሉፕ ነው፤ ላፕቶፑና ስቴሪዮው በየራሳቸው መስመር ከኧርዝ (ከመሬት ሽቦው) ጋር ተገናኝተው፣ የድምፅ ገመዱ ደግሞ ሁለቱን አያይዞ ቀለበት ዘግቷል ማለት ነው። በዚያ ቀለበት የሚዞረው ትንሽ ከረንት ከ0.316 ቮልቱ ጎን ሲቆም በደንብ ይሰማል። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ካልሆነም በገመዱ መሃል የሚገባ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር አለ። የቻርጀሩን የኧርዝ እግር መቁረጥ ግን ሕይወት ማስያዝ ነው፤ ማንም ቢመክራችሁ አትስሙት።

መስመሩ ንጹሕ ሲሆን ሙከራው ይጀመራል። መጀመሪያ ግራና ቀኙን ለየብቻ አሰሙት፤ ክራሩን በግራ ያስቀመጠ ሰው በግራ መስማት አለበት። ቀጥሎ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ እየወጣ የሚሄደውን የሙከራ ድምፅ በዝቅተኛ ቮሊውም ልቀቁ፤ ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ ለረጅም ጊዜ ከተለቀቀ ትንሿን ስፒከር ያቃጥላታል። የሆነ ቦታ ላይ ድንገት ቢጎላ ወይም መስታወቱ ቢንቀጠቀጥ ያ የክፍሉ ጠባይ ነው፣ ሚክሱ ላይ አይታረምም።

በመጨረሻ ሥራውን ሞኖ አድርጋችሁ፣ ማለትም ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲወጣ አድርጋችሁ፣ ሁለቱ ስፒከሮች መሃል ተቀመጡ። ድምፃዊዋ ፊት ለፊታችሁ መቆም አለባት። ከየት እንደምትዘፍን ካልለየላችሁና ቤዙ ከቀጠነ፣ ስቴሪዮውን አጥፍታችሁ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ አቀያይሩና እንደገና ክፈቱት። ከበሮው ወፍሮ መሃል ላይ ከቆመ፣ ሽቦው ቀድሞውኑ ተገልብጦ የታሰረ ነበር።