የጀብሃ ቀጠናዎች (1965–1982)

የኤርትራ ነጻ አውጪ ግንባር፣ በተለምዶ ጀብሃ፣ በ1960 ካይሮ ላይ ሲመሠረት በረሃ የወረደ ታጣቂ አልነበረውም (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በመስከረም 1961 ሐሚድ እድሪስ አዋተ ከጥቂት ሰዎችና ካረጁ የጣሊያን ጠመንጃዎች ጋር በባርካ፣ አዳል ተራራ ላይ ተኩስ ከፈተ። በ1962 ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ሲፈርስ ተዋጊው በዛ፤ ካይሮ ተቀምጦ ማዘዝም አስቸገረ።

መፍትሔው በ1965 ከአልጄሪያ ተቀዳ። የአልጄሪያ ግንባር አገሩን በዊላያ፣ ማለትም በወታደራዊ ቀጠና፣ ከፋፍሎ ተዋግቶ ነበርና ጀብሃም ኤርትራን በአራት ቀጠና ከፈለ። አንደኛው ባርካና ጋሽ ሲሆን አዛዡ መሐሙድ ዲናይ ነበር። ሰንሒትና ሳህል የያዘው ሁለተኛው ለዑመር ኢዛዝ፣ የደጋው ሦስተኛ ቀጠና ለአብዱልከሪም አሕመድ፣ ሰምሃርና ደንከል የሚገኙበት አራተኛው ለመሐመድ ዓሊ ዑመሮ ተሰጠ። ክርስቲያን ደገኞች እየበዙ ሲመጡ በወልዳይ ካሕሳይ የሚመራ አምስተኛ ተጨመረ። በመካከል በሱዳኗ ከተማ ከሰላ ላይ «አብዮታዊ ዕዝ» ተቀምጧል፤ በላዩ የካይሮው ጠቅላይ ምክር ቤት አለ።

ችግሩ የቀጠናው ወሰን የጎሳና የሃይማኖት ወሰንም መሆኑ ነው። እያንዳንዱ አዛዥ ታጋይ የሚመለምለው ከገዛ አካባቢው ነው፤ ግብር የሚሰበስበውም ከዚያው ነው። ካይሮ ያሉት መሪዎችም በየፊናቸው ደጋፊ ያዙ፦ እድሪስ መሐመድ አደም በባርካ፣ እድሪስ ገላውዴዎስ በሁለተኛው ቀጠና፣ ዑስማን ሳልህ ሳቤ በሦስተኛውና በአራተኛው። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብና መሣሪያ የሚወርደው በዚሁ የዝምድና ቦይ ነበርና ከሰላ ያለው ዕዝ ደብዳቤ ከማመላለስ ብዙም አላለፈም።

የዚህ ዋጋ በ1967 ታየ። የኢትዮጵያ ጦር፣ እስራኤሎች ካሠለጠኗቸው ኮማንዶሶች ጋር፣ ቀጠናዎቹን በየተራ ሲመታ ጎረቤቱ ቀጠና እጁን አጣጥፎ ተመለከተ። መንደሮች ተቃጠሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሱዳን ተሰደደ። በክርስቲያን ታጋዮች ላይ ጥርጣሬና ግድያ በርትቶ ነበር፤ ወልዳይ ካሕሳይም ለመንግሥት እጁን ሰጠ።

ቅሬታው «እስላሕ»፣ ማለትም ተሐድሶ፣ የሚባል እንቅስቃሴ ወለደ። በ1968 በዓንሰባ ጉባኤ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ቀጠና ተዋሐዱ። በዚያው ዓመት ዑመር ኢዛዝ በሐልሐል ውጊያ ሞተ። በነሐሴ 1969 አዶብሓ ላይ በተደረገ ጉባኤ ቀጠናዎቹ በወረቀት ላይ ፈረሱ፤ 38 አባላት ያሉት ጠቅላይ ዕዝ፣ «ቅያዳ አል-ዓማ»፣ ተመረጠ። ግን ዕዙ ብዙም ሳይቆይ ከራሱ አባላት ስድስቱን አሰረ።

ያን ጊዜ ግንባሩ የተሰነጠቀው በአሮጌው የቀጠና ወሰን ነው። በ1970 ሱዶሐ ኢላ ላይ የተሰበሰቡት በአብዛኛው የአራተኛው ቀጠና ሰዎች ሲሆኑ ሳቤ ደገፋቸው። ወደ ዓላ የወረዱት ከኢሳያስ አፈወርቂ ጋር የነበሩ ደገኞች ናቸው፤ ኢሳያስ ቻይና ከሠለጠነ በኋላ በአምስተኛው ቀጠና አገልግሏል። ሦስተኛው ተገንጣይ ቡድን፣ ዖበል፣ ከባርካ ወጣ። ቀጠናን ማፍረስ ከመንደር ጋር የተሳሰረ ታማኝነትን አያፈርስምና ይህ ሊያስገርም አይገባም።

ጀብሃ የትግሉ ሜዳ ከአንድ ድርጅት በላይ አይችልም ብሎ በ1972 ጦርነት ከፈተባቸው፤ እስከ 1974 እርስ በርስ ተዋጉ። ጥቃቱ የተገነጠሉትን አቀራረበ። ሳቤ በ1975 ካርቱም ላይ ሜዳ ላይ ያሉትን ሳያማክር ከጀብሃ ጋር የውሕደት ስምምነት ሲፈርም ታጋዮቹ አልተቀበሉትም፤ በ1976 ተለያዩ። በጥር 1977 ከተገነጠሉት የተወለደው ሻዕቢያ (የኤርትራ ሕዝባዊ ነጻ አውጪ ግንባር) የመጀመሪያ ጉባኤውን አካሄደ፤ የአራተኛው ቀጠና ሰው የነበረው ረመዳን መሐመድ ኑር ዋና ጸሐፊ፣ ኢሳያስ ምክትሉ ሆኑ። ሻዕቢያ ታጋዩን በየትውልድ ቦታው ሳይሆን አደባልቆ መደበ፤ ሥልጣንን ግን በጥቂት ሰዎች እጅ አጠበቀ።

ጀብሃ በ1981 በሻዕቢያና በሕወሓት ተገፍቶ ሱዳን ገባ። በመጋቢት 1982 ራሳይ ላይ የጀብሃ ወታደራዊ መሪ ዓብደላ እድሪስ በገዛ ጓዶቹ ላይ መፈንቅለ ሥልጣን አደረገ፤ ግንባሩም እንደገና በየአቅጣጫው ተበተነ።