ለአንድ ክረምት የተጠራው የጂፒኤስ ዘመቻ

ዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ አገልግሎት፣ በአጭሩ አይጂኤስ፣ የሳተላይት አቀማመጥ መረጃን ከዓለም ዙሪያ ሰብስቦና አስልቶ በነፃ የሚያድል ኅብረት ነው። ጂኤንኤስኤስ የጂፒኤስና የመሰሎቹ የሳተላይት ሥርዓቶች የወል ስም ነው። የራሱ ሳተላይት የለውም። ከ500 በላይ የምድር ጣቢያዎች አሉት ይባላል እንጂ ጣቢያዎቹም የአባላቱ ናቸው። ከ100 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ከ200 በላይ ተቋማት ወይ ጣቢያ ያቆማሉ፣ ወይ መረጃ ያከማቻሉ፣ ወይ ስሌት ይሠራሉ። ወጪውን ሁሉም ከየኪሱ ይችላል።

ኅብረቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1992 ለሦስት ወር ከተጠራ የልኬት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ጁን 21 ተከፍቶ ሴፕቴምበር 23 ይዘጋል ተባለ። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 14 ቀን 1984 እስከ መስከረም 13 ቀን 1985 መሆኑ ነው። አንድ ክረምት በሉት። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል ደረሰ፤ መረጃው ግን መምጣቱን አላቆመም። እስከ ዛሬም አላቆመም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አገር ብቻውን ለምን አይችልም?

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። አንዱን ዙር ለመጨረስ 12 ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው ሳተላይቱ «እኔ አሁን እዚህ ነኝ» ብሎ የሚልከውን መልእክት አምኖ ነው። ያ መልእክት ዛሬ እንኳ አንድ ሜትር ገደማ ይስታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በብዙ ሜትር ይስት ነበር። ታክሲ ለጠራ ሰው እዳው ገብስ ነው። የአህጉር እንቅስቃሴ ለሚለካ ሰው ግን አይሆንም፤ አህጉር በዓመት የሚሄደው በሚሊሜትርና በሴንቲሜትር ነውና።

ሒሳቡ በግምት እንዲህ ነው። የሳተላይቱ ቦታ 2 ሜትር ከተሳሳተ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ነጥቦች መካከል የሚለካው ርቀት እስከ 10 ሴንቲሜትር ሊሳሳት ይችላል። የሳተላይቱ ስህተት ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ቢወርድ፣ የርቀቱ ስህተት ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ምድርን ለመለካት የተነሳ ሰው መጀመሪያ ሳተላይቶቹን መለካት አለበት።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሳተላይቱ ሁሌ ከራሳችን በላይ አይቆምም። ከአንድ አገር አድማስ ወጥቶ ሌላው ዘንድ ይገባል። ቀንና ሌሊት ሳያጡት ለመከታተል አውሮፓም፣ አፍሪካም፣ ደቡብ አሜሪካም፣ የፓስፊክ ደሴቶችም ላይ ተቀባይ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር መመዝገብ አለባቸው። ገንዘብ ያለው አገር መሣሪያ ይገዛል፤ የሌላውን አገር ሰማይ ግን አይገዛም።

ከዚያ በፊት የነበሩ ሙከራዎች

በጃንዋሪ 1988 ካሳ ኡኖ የሚባል ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ኮስታሪካ፣ ፓናማ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ቬንዙዌላ ውስጥ የምድር ሽፋን ሰሌዳዎችን እንቅስቃሴ ለመለካት የታቀደ ነው። ተቀባዮች እዚያው ብቻ ሳይሆን ሩቅ አገርም ጭምር ተተከሉ፤ ሳተላይቶቹን ከሁሉም አቅጣጫ ለማየት። በ1991 መጀመሪያ ደግሞ ሦስት ሳምንት የፈጀ ሌላ ዓለም አቀፍ ሙከራ ተደረገ። ሁለቱም «ይቻላል» አሰኙ። ግን ዘመቻው ሲያልቅ ዕቃው ወደ ሳጥን ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚለካ ሰው ሁሉን ከዜሮ ይጀምራል።

የሜዳ ዘመቻ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ትንሽ ልግለጽ። አለት ላይ የተቀበረች ትንሽ የብረት ምልክት አለች፤ አናቷ ላይ ነጥብ ተነቅሶባታል። ቀያሹ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ከላይዋ ይዘረጋል። አንቴናው በነጥቧ ትክክል ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያስተካክላል፤ ግንበኛ ቱምቢ ጥሎ ግድግዳ እንደሚያይ ማለት ነው። ከዚያ ከነጥቧ እስከ አንቴናው ያለውን ቁመት በሜትር ይለካል። ሁለቴ፣ ሦስቴ ይለካል። በወረቀት ይጽፋል። ይቺ ቁጥር የዋዛ አይደለችም። 1 ሴንቲሜትር ከተሳሳተች ተራራው 1 ሴንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ይመስላል። የሚሊዮን ብር መሣሪያ በአንዲት የእጅ ጽሑፍ መስመር ገደል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ባትሪ መጠበቅና ከብት እንዳይገፋው ማየት ነው።

ጥሪው

ሐሳቡ ጎልቶ የተነሳው በ1989 ኤዲንብራ ላይ በተደረገው የዓለም አቀፉ የጂኦዴሲ ማኅበር ጉባኤ ነው። ጂኦዴሲ የምድርን ቅርፅ፣ ስበትና አቀማመጥ የመለካት ሳይንስ ነው። ዕቅዱን ያወጣውን ኮሚቴ የመራው ኢቫን ሚውለር ነበር። የተሳትፎ ጥሪው በፌብሩዋሪ 1991 ወጣ። ጥሪው ገንዘብ አልያዘም። «ጣቢያ ማቆም የምትችሉ፣ መረጃ ማከማቸት የምትችሉ፣ ማስላት የምትችሉ እጃችሁን አውጡ» የሚል ዓይነት ነው። የዘመቻውን አካሄድ የተከታተለውን ኮሚቴ ደግሞ የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰው ገርሃርድ ቦይትለር መራው። ኋላም የአገልግሎቱ የመጀመሪያ የቦርድ ሊቀመንበር ሆኗል።

ብዙዎች ይህን ደቦ ሊሉት ይችላሉ። እኔ ወንፈል ብለው ይቀናኛል። ደቦ ላይ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ አቅርቦ የራሱን ማሳ ያሠራል። ወንፈል ላይ ግን እያንዳንዱ በሬውን ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ ያንተ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የእኔ። አይጂኤስ ውስጥም አንድ ጣቢያ የሰጠ ሰው የዓለሙን ሁሉ ጣቢያ መረጃ ያገኛል። እርግጥ ምንም ያልሰጠውም ያገኛል፤ እዚህ ላይ ወንፈሉ ይበልጥ ደግ ነው።

ዘመቻው በተጀመረ በሳምንቱ፣ ጁን 28 ቀን 1992፣ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ላንደርስ የሚባል ቦታ በመጠን 7.3 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። በአካባቢው ያሉ ቋሚ ጣቢያዎች ሲመዘግቡ ነበር። የዓለሙም ጣቢያዎች ሲመዘግቡ ነበር። ስለዚህ ከተሰነጠቀው መሬት ርቀው የቆሙ ጣቢያዎች ሳይቀሩ ስንት ሚሊሜትር፣ ስንት ሴንቲሜትር እንደተገፉ ከሩቁ ዓለም አንጻር ማስላት ተቻለ። መንቀጥቀጥ ቀጠሮ አይዝም። መሣሪያ ጭኖ የሚደርስ ቡድን ሁሌም ከኋላ ነው የሚደርሰው። «ቋሚ ጣቢያ ለምን?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም ነበር።

ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ተንቀሳቃሽ ተቀባዮች ተጨምረው ልኬቱ ጠበቅ ተደረገ። ሴፕቴምበር 23 ሲደርስ የስሌት ማዕከሎቹ ሥራቸውን አላቆሙም። ከኖቬምበር 1992 ጀምሮ በሙከራ አገልግሎትነት ቀጠለ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1994 በይፋ አገልግሎት ሆነ። የማስተባበሪያ ቢሮው ካሊፎርኒያ ፓሳዴና በሚገኘው የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ተቀመጠ፤ ሩት ኔይላን ለረጅም ዓመታት መርታዋለች።

ማስማማት

የመሣሪያው ነገር ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ሰውን ማስማማት ነው። የየፋብሪካው ተቀባይ በየራሱ ቋንቋ ነበር የሚመዘግበው። የአንዱን ፋይል የሌላው ሶፍትዌር አያነበውም። መፍትሔው የመጣው ከበርን ነው። ቬርነር ጉርትነር ለ1989ኙ የአውሮፓ ዘመቻ ብሎ ራይኔክስ የሚባል የጋራ የፋይል አጻጻፍ አዘጋጀ። ተራ ጽሑፍ ነው፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ከላይ የጣቢያው ስም፣ የተቀባዩና የአንቴናው ዓይነት አለ። ያቺ ጣጠኛ የአንቴና ቁመትም እዚያው ራስጌ ላይ የራሷ መስመር አላት። ከዚያ በታች ቁጥር ብቻ ነው፤ በተለመደው የዕለት ፋይል በየ30 ሰከንዱ ከየሳተላይቱ የተለካ ርቀት።

ሰዓቱም መስማማት አለበት። ለእኛ ይህ ክፍል ይጥማል። በአጫጭሮቹ የድሮ ፋይል ስሞች ወር የሚባል ነገር የለም። ቀን ከ1 እስከ 366 ይቆጠራል፤ መስከረም ነው ሴፕቴምበር ብሎ ክርክር የለም። ቀኑ የሚለወጠው ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። «አካባቢ» ያልኩት የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ 18 ሰከንድ ስለሚቀድም ነው። ለእኛ 18 ሰከንድ ምንም አይደለም። በስሌቱ ግን አንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ናት።

ሌላው ስምምነት ስለ ዝምታ ነው፤ ዝም ብሎ ዕቃ አለመቀየር። አንቴና ተበላሽቶ ሲቀየር ወይም አጠገቡ ያለ ዛፍ ሲቆረጥ፣ የጣቢያው ቦታ በስሌት ላይ ዘለል ይላል። መዝገብ ላይ ካልሰፈረ አንዱ ተመራማሪ ተነስቶ መሬት ተንቀጠቀጠች ሊል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ የሕይወት ታሪኩን የያዘ መዝገብ አለው። ምን መቼ ተተከለ፣ ምን መቼ ተነሳ፣ ሁሉም ይጻፋል።

ስሌቱን የሚሠሩት ብዙ ማዕከሎች ናቸው። በርን፣ ፓሳዴና፣ ፖትስዳም፣ ዳርምሽታት፣ ኦታዋ እና ሌሎችም አሉ። ሁሉም ያንኑ ሰማይ ለየብቻ ያሰላሉ። ከዚያ አንድ አስተባባሪ ውጤቶቹን አነጻጽሮ፣ ለትክክለኛው የበለጠ ክብደት ሰጥቶ ያዋህዳቸዋል። ከ1994 ጀምሮ ይህን የሠራው ካናዳ ይሠራ የነበረው ያን ኩባ ነው። የማዕከሎቹ ልዩነት በየሳምንቱ በሠንጠረዥ ይወጣል። እኔ እንደማየው የኅብረቱ እውነተኛ ሞተር ይህ ሠንጠረዥ ነው። ውል የለም፣ ቅጣት የለም። ግን በዚህ ሳምንት ከባልደረቦቹ ርቆ የታየ ማዕከል ማን እንደሆነ ሁሉም ያያል። በሚቀጥለው ሳምንት ስህተቱን ፈልጎ ያገኘዋል።

ውጤቱ በሦስት ፍጥነት ይወጣል። አንዱ እንደ ሽሮ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ለቸኮለ ሰው ይደርሳል። ሁለተኛው በማግሥቱ ይወጣል። ሦስተኛው የዶሮ ወጥ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ይበስላል። የሳተላይቶቹን ቦታ በ2.5 ሴንቲሜትር ገደማ የሚያስቀምጠውም እሱ ነው።

አሜሪካ የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብላ እስከ ሜይ 2000 ታደበዝዝ ነበር። ማዕከሎቹ የሳተላይቶቹን ሰዓት ራሳቸው እያሰሉ ሠሩ። በኋላ የሩሲያው ግሎናስ ገባ። ስለዚህ በስሙ ውስጥ የነበረው ጂፒኤስ በ2005 ጂኤንኤስኤስ በሚለው ሰፊ ቃል ተተካ። ቀጥለው የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ መጡ። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አገሮች አንድ የጋራ የምድር መለኪያ ማዕቀፍ እንዲጠቀሙና መረጃ እንዲጋሩ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ለዚህ ማዕቀፍ ከሚያገለግሉት ዋና ዋና ልኬቶች አንዱ የእነዚህ ጣቢያዎች ነው።

ወደ እኛ ሰፈር

ኢትዮጵያ ለእንዲህ ዓይነት ዘመቻ እንግዳ አይደለችም። ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቁሟል። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዊን ናቸው። ያኔ የሚለካው የምድር መግነጢስና መንቀጥቀጥ ነበር።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ ያልሆነው ስምጥ ሸለቆው ቤታችን ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። የዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለት ጎኖች በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ። አፋር ላይ ደግሞ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ይሆናል። በሴፕቴምበር 2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በቅልጥ አለት ግፊት ተሰነጠቀ፤ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። የዘመናት እንቅስቃሴ በሳምንታት አለቀ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ጂፒኤስ ይዘው ደጋግመው ተመላልሰዋል። ግን አፋር ላይ የተተከለ መሣሪያ ብቻውን የሚነግረን ከጎረቤቱ መራቁን ነው። ማን ቆሞ ማን ሄደ የሚለውን ለማወቅ፣ ከአፋር ርቀው ያሉ ጣቢያዎችና የጠራ የሳተላይት ስሌት ያስፈልጋሉ። ተመራማሪው እነሱን የሚያወርደው ከአይጂኤስ ነው።

በኅብረቱ መረብ ውስጥ የእኛም ጣቢያ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተናግደው ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ አራት የላቲን ፊደል ወይም አሃዝ ያላት አጭር ስም አለችው፤ የእኛው ሲነበብ «አዲስ» ይላል። አፍሪካ ውስጥ ጣቢያ እንደ አውሮፓ አልተደራረበም። ስለዚህ እዚህ አንድ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ካለቀ፣ ወይም ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ፣ የሚከፈተው ቀዳዳ አውሮፓ ላይ አንድ ጣቢያ ቢጠፋ ከሚከፈተው ይሰፋል። ጣቢያው ሲሠራ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የዕለቱ ፋይል ይዘጋል። ስሙ ላይ አዲስ፣ ኢትዮጵያ፣ ዓመቱና የቀኑ ቁጥር ተጽፎ ወደ መረጃ ማዕከሎቹ ይላካል።