ቀለም ቶሎ የሚገባቸው ሕፃናት፦ የቅዳሜና የክረምት ፕሮግራም በጎጃም

በየክፍሉ አንድ ሁለት አይጠፉም። ማንም ሳያስተምራቸው የሱቅ ታፔላ ያነባሉ፣ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ "እኔ ቲቸር፣ እኔ!" ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ የክፍል ሥራውን በአምስት ደቂቃ ጨርሰው ጎናቸው ያለውን ልጅ ስለሚነካኩ "ረባሽ" ተብለው ይቀጣሉ። ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ለእነዚህ ልጆች ለብቻ የሚሆን ጊዜ ከየት ያመጣል? በብዙ አገር ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ፣ ቅዳሜ ወይም እሁድና በክረምት፣ እነሱን ሰብስቦ ሰፋ ያለ ነገር ማስተማር ነው። ስሙ ማበልጸጊያ ፕሮግራም ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባሉት ላይ ነው።

ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና እንጅባራ ላይ "የክረምት ትምህርት" ሲባል ብዙ ወላጅ የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። የሚቀጥለው ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ ቀድሞ ይሰጣል፣ ልጁ መስከረም ላይ "ቀድሞ የተማረ" ሆኖ ይገባል። ደከም ላለ ልጅ ይህ ይጠቅመው ይሆናል። አንዴ ሲነገረው ለሚገባው ልጅ ግን ክረምት ላይ የጨረሰውን ዓመቱን ሙሉ እንደገና ቁጭ ብሎ እንዲሰማ መፍረድ ነው። ማበልጸጊያ የሚባለው መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ማምጣት ነው፤ የራሱን ጥያቄ እንዲጠይቅ፣ እንዲሞክር፣ እንዲሳሳት፣ የሠራውን ለሌላ ሰው እንዲያሳይ።

እንዲህ ያሉ ልጆችን ለማስተማር በዓለም ደረጃ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማፍጠን፣ ማለትም የላይኛውን ክፍል ትምህርት ቀድሞ መስጠት ነው። አሜሪካዊው ጁሊያን ስታንሊ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1971 እ.ኤ.አ. በሒሳብ የላቁ ታዳጊዎችን ማጥናት ጀመረ፤ ለዩኒቨርሲቲ ገቢዎች የተዘጋጀ ፈተና ለታዳጊዎቹ እየሰጠ ምን ያህል እንደሚሄዱ አየ። ከዚያ ሥራ በ1979 አንድ ማዕከል ተወለደ፣ የማዕከሉ የክረምት ትምህርትም በብዙ አገር ለተከፈቱት ፕሮግራሞች አርአያ ሆነ። ሌላው ማስፋት፣ ማለትም ከመጽሐፉ ውጭ ያለውን መጨመር ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 ባወጣው ሐሳብ ልዩ ተሰጥኦ የሦስት ነገር መገናኛ ነው፦ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እና የያዙትን ሥራ ሳይለቁ መጨረስ። ለሕፃናት እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ቢጨርስ ምን ያገኛል? አምስተኛው ነዋ የሚጠብቀው።

ጎጃም በዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ለዘመናት የቅኔ መፍለቂያ ናቸው። ቅኔ ቤት ውስጥ የክፍል ደረጃ በዕድሜ አይወሰንም። ተማሪው በሁለት ቤቷ (ሁለት ስንኝ ባላት) ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የበሰለለት ያልፋል፣ ያልበሰለለት ይቆያል፣ ማንም "ገና ልጅ ነህ" ብሎ አይይዘውም። ራቅ ብሎ ብቻውን ቅኔውን ይቆጥራል (ይገጥማል)፣ ተመልሶ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል። ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ለጀማሪው ያስነግራል። በዚህ ሥርዓት ካለፉት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም የጎጃም ልጅ ናቸው፤ እሳቸውን ሳስብ ስንት ሴት ልጅ በር ላይ ቀረች ያሰኘኛል። ምክንያቱም የቆሎ ተማሪነት ረሃብ አለው፣ ውሻ አለው፣ ከቤት መራቅ አለው፤ ያ ኑሮ ለሴት ልጅ አልተመቸም ነበር፣ ለወንድ ሕፃንም ከባድ ነበር። ከሥርዓቱ መወሰድ ያለበት በራስ ፍጥነት መሄዱና የበሰለው ታናሹን ማስተማሩ ነው።

ዛሬ በዘመናዊው ትምህርት በኩል ጎልተው የሚታዩት የዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት ናቸው። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በብዙ ከተማ ከፍቷቸዋል፣ ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስም አላቸው። በቅዳሜና እሁድና በክረምት የአካባቢው ተማሪዎች እየገቡ ኤሌክትሮኒክስ፣ ኮምፒውተርና የሳይንስ ሙከራ በእጃቸው ይሠራሉ። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ በሩ በዋናነት የተከፈተው ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ላሉት መሆኑ ነው። ለታናናሾቹ የሚቀረው ከተማ ላይ በክፍያ የሚሰጥ ሥዕል፣ አባከስ (በዶቃ መቁጠሪያ ሒሳብ መሥራት) ወይም ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ) ነው። ኮዲንግ ካልኩ አይቀር፣ ከስምንት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ስክራች የተባለ የኮዲንግ መለማመጃ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ላለው ደግሞ ስክራች ጁኒየር አለ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ማን ይገባል የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው። እኛ አገር መልሱ ቀላል ይመስላል፦ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ። ደረጃ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ቤቱ ውስጥ መብራትና የሚያስጠና ሰው ያለውን ልጅ ነው። ፈተናም ብቻውን ይስታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ተርማን በ1921 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በአእምሮ ፈተና ከ1,000 በላይ ልጆች መርጦ ዕድሜ ልካቸውን ማስጠናት ጀመረ፤ ሳይመረጡ ከቀሩት ሁለቱ፣ ዊሊያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ በኋላ በፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ። አዊ ላይ አገውኛ አፉን የፈታ ልጅ በአማርኛ ቢፈተን፣ ወይም ዝምተኛዋ የገጠር ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ብትቀመጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ይልቅ መምህራን ለሳምንታት በጨዋታ ይመልከቱ። እንቆቅልሽ ሲጫወቱ መልስ ከሚያውቀው ይበልጥ አዲስ እንቆቅልሽ የሚፈጥረውን፣ ገበጣ ላይ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ ቀድሞ የሚያየውን መያዝ ነው።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። ክረምት ለከተማ ልጅ ዕረፍት ነው፣ ለገጠር ልጅ ግን ከብት ጥበቃና አረም ነው። ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ስለዚህ የክረምት ፕሮግራም ገጠር ላይ ወርዶ ካልተከፈተ ሳይታወቅ የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናል። የሚያዋጣው ገበሬው ሞፈር የማያነሳበትን ቀን መያዝ ነው። ጎጃም ላይ ሚካኤል 12፣ ማርያም 21፣ በዓለ ወልድ 29 እያለ ወሩ ውስጥ በቂ ቀን አለ። ከቅዳሴ በኋላ ወላጅ እቤት ስለሚሆን ከብቱን የሚይዝ አይጠፋም።

ለይዘት ገንዘብ ያስፈልጋል የሚባለው ግማሹ እውነት አይደለም። ጎጃም ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጮቄ አለ፣ ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ አለ፣ ጣና አለ። የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ በር ላይ አስቀምጦ ዝናብ በየቀኑ መለካትና በግራፍ መሳል ለስምንት ዓመት ልጅ የአንድ ክረምት ሥራ ነው። አንድ ኩባያ ውስጥ ስንት የጤፍ ፍሬ አለ ብትሉት ሁሉንም ሳይቆጥር መገመቻ ዘዴ እስኪፈልግ ድረስ እንቅልፍ የለውም። ለአምስትና ስድስት ዓመቶቹ ከአርባ ደቂቃ በላይ አንድ ነገር ላይ ማቆየት አያስፈልግም፣ መሮጥና መጫወት አለባቸው። ደግሞ ወላጆች እባካችሁ፣ ልጁን እንግዳ ፊት እያቆማችሁ "እስቲ ይህን ቁጠር" አትበሉት። እንዲህ ያደገ ልጅ መሳሳት ያስፈራዋል፣ የማያውቀውን ነገር መሞከር ይተዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ብዙ የጎጃም ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። መደበኛው ሳይከፈት ስለ ማበልጸጊያ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አለ፤ አልስማማም። ትምህርት የተቋረጠበት ፈጣን ልጅ የሚያነበውና የሚያስበው ነገር ካላገኘ እሱም ይጎዳል፣ ደግሞ ታናናሾቹን የሚያስነግር እሱ ነው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ሁለት ፈቃደኛ መምህራን፣ አንድ ክፍል፣ የአማርኛ (አዊ ላይ የአገውኛም) የተረት መጻሕፍት፣ ሜትር፣ ሚዛን፣ ጠጠርና ካርቶን ነው። ጸጥታው በፈቀደበት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ ከ20 ላልበለጡ ልጆች፣ ሴትና ወንድ እኩል፣ ያለ ክፍያ።