የጣና ዳር ሥዕሎች የሚናገሩት ስለ ማን ነው?

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ የመጡ የአክስቴን ልጆች ይዤ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከገዳማቱ በአንዱ በመቅደሱ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች እያየን ስንዞር ትንሹ ልጅ እጄን ጎተት አደረገና «ጋሼ፣ የፈርዖን ወታደር ጠመንጃ ከየት አመጣ?» አለኝ። ታላቁ ሳቅ ብሎ «ሠዓሊው አያውቅማ!» ብሎ መለሰለት።

ይህን መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሌሎችም የሚመስሉት አሉ። እዚሁ ባሕር ዳር ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ጀልባ ላይ፣ አንዳንዴም ከአስጎብኚ አፍ የምሰማቸው ናቸው። ሥዕሎቹን እየወደድኳቸው ስላደግሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ሠዓሊው ታሪክ ስለማያውቅ ነው ጠመንጃ የሳለው»

የዘጌ ሥዕሎች በአብዛኛው የ18ኛው እና የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ሠዓሊው ኦሪትን ያነበበ ወይም ሲነበብ የሰማ ሰው ነው። ሙሴ ከእሱ ዘመን በፊት እንደኖረ አላጣውም። የሳለው ግን ለሚያየው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ለጎጃም ገበሬ ጉልበት ማለት ምን ነበር? ጠመንጃ የያዘ የመኳንንት ጭፍራ ነው። መጥቶ እህሉን የሚበላበት፣ በሬውን የሚነዳበት እሱ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ውስጥ ከነጠመንጃው ሲሰጥም የሚታየው ወታደር ለዚያ ገበሬ የሩቅ ግብፃዊ ብቻ አልነበረም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ልብሱም፣ የፈረሱ ኮርቻም፣ ጋሻና ጦሩም እንደዚያው ነው። ሥዕሉ ስለ ኢየሩሳሌም ይተርካል፤ የሚያሳየን ግን ሠዓሊው በር ላይ ቆሞ ያየውን ሕዝብ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶ በአገራችን ገና አልተለመደም ነበር። ያኔ ሰው ምን ይለብስ እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ዛሬም ወደነዚህ ግድግዳዎች ይሄዳል።

«ሰው መሳል አይችሉም ነበር፤ ዓይኑን አያችሁት?»

ዓይኑን በደንብ እንየው። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች ደግሞ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ጎን መሳል የሚችል ሰው ፊት ለፊት የሚስለው አውቆ ነው። ይህ ሕግ ነው። ፊደል የማይቆጥር ሰው እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። ትልልቆቹ ዓይኖችም ስህተት አይደሉም። የሚጸልየው ሰው ቅዱሱን ሲያይ ቅዱሱም እሱን ማየት አለበት።

አንድ ጊዜ ይህን ለልጆቹ ከነገርኳቸው በኋላ ጉብኝቱ ወደ ጨዋታ ተቀየረ። «ይሄኛው ክፉ ነው! ያኛው ደግ ነው!» እያሉ ዞሩ። አንዴም አልሳቱም።

«ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» እና «ምንም የውጭ ነገር አልነካውም»

ሁለቱም ወገን ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ሠዓሊዎቻችንን ያሳንሳል።

የእመቤታችንን ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ከልጇ ጋር የምትታይበትን ሥዕል ውሰዱ። ቀኝ እጇን በግራው ላይ አሳርፋ፣ በጣቶቿ ትንሽ መሐረብ ይዛለች። ልጇ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። ይህ አቀማመጥ ሮም ካለ አንድ ጥንታዊ የማርያም ሥዕል የመጣ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የዚያን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። በ1630ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጣቸው። ሥዕሉ ግን ቀረ። የኛ ሠዓሊዎች ሰይፍ የመዘዙ ሚካኤልና ገብርኤልን በግራና በቀኝ አቆሙለት፣ ፊቷን አበሻ አደረጉት፣ ልብሷን በራሳቸው ቀለምና ጥለት አስዋቡት። ሰውዬው ተባረረ፣ ሥዕሉ ዜጋ ሆነ።

ከዚያም በፊት ቢሆን በሩ ዝግ አልነበረም። ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ1480ዎቹ መጥቶ እስከ 1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኖሯል። መርቆሬዎስ የሚል የአገር ስምም ነበረው። እሱ ግን ባዶ ቤት አልገባም። ከእሱ በፊት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ፍሬ ጽዮን የሚባል ታላቅ ሠዓሊ ነበር። ንጉሡ የእመቤታችን ፍቅር በአገሩ ሁሉ እንዲሰፋ ይጥር ነበርና ሥዕሏ በዚያ ዘመን እጅግ ተፈላጊ ሆነ።

«የድሮ ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም»

ብዙዎቹ አልጻፉም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህንኑ ፍሬ ጽዮንን ያወቅነው እንዴት ይመስላችኋል? ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እዚሁ ጣና ላይ፣ እመቤታችንን ከነልጇ የሚያሳይ በእንጨት ላይ የተሳለ ትልቅ ሥዕል አለ። ስሙ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከ500 ዓመት በላይ የቆየ ፊርማ ከባሕር ዳር ወደብ የጀልባ መንገድ ላይ ተቀምጦ «ስም አይጽፉም» ማለት ያሳዝናል።

«ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ነው የተሳለው»

አብዛኛው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። እርጥበት ሲገባ ጠርዙ የሚላጠው፣ የሚያብጠውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በእጅ አትንኩት፤ ልጆችንም ያዙ።

«የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለ ሰማይ እንጂ ስለ ሥልጣን አያወራም»

ደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። እመቤታችን ከነልጇ በተሳለችበት ሥዕል ግርጌ አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታ ትታያለች። እቴጌይቱ ናት። በልጇ በዳግማዊ ኢያሱ ስም አገር የምታስተዳድር ሴት በእመቤታችን እግር ስር ተደፍታ መሳሏ ትሕትና ነው። ያንኑ ትሕትና በጌጠኛ ልብስ፣ ሁሉ ሰው በሚያይበት ቦታ ማሳል ደግሞ «ይህን ያሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ አሉ።

የድሃውም ሐሳብ አለበት። ዘጌ ባለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የበላዔ ሰብእን፣ የሰው በላውን ታሪክ ፈልጋችሁ ተመልከቱ። 78 ሰው በልቷል። አንድ ቀን ግን በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ አጠጣ። በፍርድ ቀን ያ ሁሉ ነፍስ በአንድ በኩል ሚዛን ላይ ተቀመጠ፣ በሌላው በኩል ያቺ ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ጣል አደረገችበትና ውሃዋ መዘነች። ይህን ቆማ የምታይ እናት ለለማኝ ውሃ እንዴት እንደምትሰጥ አስቡት። «በእመ ብርሃን» ተብላ እምቢ የማትለው ያለ ምክንያት አይደለም።

«የኛ ሥዕል ማለት የገዳም ሥዕል ነው»

በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የሴቶቻችንን እጅ ሙሉ በሙሉ ያስረሳል። የአያቴ አንገት ላይ በመስመር በመስመር የወረደ ንቅሳት ነበር፤ ድዷም ተነቅሷል። ለውበት የተነቀሱ አሉ፣ ለእንቅርት ይበጃል ብለውም የተነቀሱ አሉ። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ክንዱን የተነቀሰ ወጣት ሲያልፍ «የፈረንጅ ነገር» የሚሉ ሰዎች የገዛ እናታቸውን አንገት ረስተዋል።

ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎችንም ያስረሳል። ሙስሊሞች ናቸው፤ ገዳም ውስጥ ሥዕል የላቸውም። ሐይቁ ላይ ያለው ውብ ቅርጽ ግን ከእጃቸው የወጣ ነው። ታንኳውን ፎቶ አንስቶ ሠሪውን የሚንቅ ሰው አይቻለሁ፤ ያሳፍራል።

ሞሰብም አለ። ከዘጌ በተመለስን ማግስት አክስቴ በረንዳ ላይ ስንደዶና አክርማዋን ዘርግታ ትሰፋ ነበር። ወስፌውን ሰካ፣ ቀለም የተነከረውን አክርማ ሳብ፣ ጠበቅ። ከፊቷ ምንም ንድፍ የለም፤ ቁጥሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ድንገት ቆመችና ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞረችው። ቀዩ መስመር ከአረንጓዴው ጋር ሊገጥም አንድ ስፌት ቀርቶታል። ሦስት ዙር ሙሉ መፍታት ጀመረች።

«ኧረ ተይው፣ ማን ያስተውለዋል?» አልኳት።

«እናቴ ብታየው ትስቅብኛለች» አለች። እናቷ ካረፉ 20 ዓመት አልፏቸዋል።